የገለታ ፈረስ

«ፉንዲው እግሩን ይሰብስብ፤ ሰው ይሰናከልበታል» አለ ኢብሳ ከድንኳኑ አፍ።

ሂካ ከመኪናዋ ሆድ ሥር እግሩን ሰበሰበ። ፉንዲው፣ መካኒኩ፣ እሱ ነው፤ የሟቹ የገለታ የእናት ልጅ። ኢብሳ ደግሞ የሟች ሚስት የአስካለ ወንድም ነው። ፍራሹ ላይ ከዋና ሐዘንተኞች ጋር ተኮፍሶ፣ ሰው በስዋሂሊ «ፖሌ» ብሎ ባጽናናው ቁጥር አንገቱን ይሰብራል። ገለታ ቆሞ ሲሄድ ስሙን በበጎ አንስቶት አያውቅም።

«መካኒኩ ለቅሶ ቤት ምን ይሠራል?» አለች አንዲት ሴት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሠራተኛው ነበር መሰለኝ» አለች ሌላዋ።

ሂካ ሰማ። ቡሎኑን አጠበቀ።

አስካለ ትናንት ጠርታው ነበር። «ነገ ሰልስቱ ነው። ያለ ፈረስ አልሸኘውም» አለችው። በእነ ገለታ አገር በወለጋ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶ ላይ ይወጣል፤ የሚስበውም ወንድሙ ነው። ገለታ እዚህ በኬንያዋ ሞያሌ ፈረስ አልነበረውም። የነበረችው ግንባሯ ላይ የፈረስ ምልክት ያላት ቀይ ሙስታንግ መኪና ናት፤ አሮጌ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ስትነሳ የጎረቤት ቆርቆሮ የምታንቀጠቅጥ። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖዋ ከተቃጠለ ወዲህ ግን ግቢው በር ላይ ተገትራ ዶሮ ይሰፍርባታል። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ስለሆነ ተገፍታ አትነሳም። ሞተሪኖ ትፈልጋለች፣ ያውም ልኳን።

ሂካ እሺ አለ። ለአስካለ ብሎ አይደለም። ፈረስ የሚስበው ወንድም ከሆነ፣ የሞያሌ ሰው አንዴ እንኳ ይየኝ ብሎ ነው።

ከስደተኛ ካምፕ ወጥተው እዚህ ሲገቡ ጎማ እየለጠፈ ገለታን ሱቅ ያስከፈተው ሂካ ነው። ሱቁ ሲሰፋ ገለታ አፈረበት። ሞተሪኖው የተቃጠለ ሰሞን፣ ከከተማው ትልልቅ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ሳለ ሂካ ቀረብ ብሎ «እኔ ልየው?» ቢለው፣ ገለታ ወደ እንግዶቹ ዞረ።

«ይሄ ጎሚስታዬ ነው። ጎማ ሲነፋ ጭንቅላቱም አብሮ ተነፋ።»

ሳቁ። ሂካም አብሯቸው ሳቀ። ያቺ ሳቅ እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀርታለች።

ትናንት ገበያውን ሲዞር ዋለ። ያለው ሁሉ የጭነት መኪና ሞተሪኖ ነው፤ ቮልቱ የማይሆን፣ የቡሎን ቀዳዳው የማይገናኝ። አንዱ ገጠመና ጥርሱ ሞተሩን ከሚያዞረው ጥርሳም ክብ፣ ከቮላኖው፣ ሳይደርስ በባዶ ተሽከረከረ። በመጨረሻ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ወደ ጎዶማ መንደር ወረደ። እዚያ ከከብት ነጋዴው ከዋሪዮ በረት አጠገብ ሚሲዮኖች ጥለውት የሄዱት የሙስታንጓ ፋብሪካ የሠራው ፒክአፕ አለ። ፍየል ያድርበታል።

«ሞተሪኖው ለማን መኪና ነው?» አለ ዋሪዮ።

«ለወንድሜ። ለገለታ።»

ዋሪዮ ጥርሱን እየፋቀ አየው። «ገለታ እዚሁ ተቀምጦ ሥጋዬን እየበላ፣ ወንድም የለኝም ይለኝ ነበር።»

«ይላል።»

«እሱ ሲሞት ተወለድክ በለኛ።»

ዋሪዮ ፍየሎቹን በፍልጥ እንጨት አባረረለት። «ለለቅሶ የተጠየቀ አይከለከልም፤ ፍታው። ለሚስቱ ግን አላውስም፣ መንገድ ላይ ስታየኝ አፍንጫዋን ትይዛለች። ያዋስኩት ለወንድሙ ነው። ሲያልቅ መልስ።»

አሁን የመጨረሻው ቡሎን ገባ። ሂካ ከሥር ወጥቶ መሪው ላይ ተቀመጠ፣ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ቮላኖውን ነከሰ፤ መኪናዋ ጮኸች። ሴቶቹ እሪ ብለው ተነሡ፣ የገለታ ፎቶ ወደ ፊት ወጣ፣ ሰልፉ ከበሩ ውጭ ተደረደረ።

አስካለ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች። «ውረድ።»

«የሚስበው ወንድም ነው፣ እትዬ አስካለ።»

«በዚህ ልብስ? እሱ በሕይወቱ ያላለውን በሞቱ አታስብለውም። ለኢብሳ ልቀቅለት።»

ሂካ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ኢብሳ ገብቶ መስታወቱን ወደ ፊቱ አስተካከለ። ሂካ ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ገመድ ነቀለ፤ መፍቻውን ይዞ እንደገና ሥር ገባ።

«ደሞ ምን ቀረው?» አለ ኢብሳ።

«የተዋስኩትን ልመልስ ነው።»

ኢብሳ ቁልፉን አዞረ። ምንም የለም። ደግሞ አዞረ። ውጭ ያሉት አልቃሾች ድምፃቸው እየሳሳ መጣና ቆመ። ከመኪናዋ ሥር የብረት ኳኳታ ብቻ ተሰማ። ሂካ ሞተሪኖውን እንደ ሕፃን አቅፎ ሲወጣ ፊቱ በግራሶ ጠቁሮ ነበር።

«ይሄን ጭካኔ ከማን ተማርክ?» አለች አስካለ።

«ከዚሁ ቤት ነው።»

ሰልፉን ሰንጥቆ አለፈ። አንዱ ተፋበት፤ ዞር አላለም። መታጠፊያው ላይ አንድ ሽማግሌ በዘንግ እየተደገፈ አገኘው፤ ከቦሪ መንደር በእግሩ የመጣ።

«የገለታ ለቅሶ ወዴት ነው?»

ሂካ በአገጩ አሳየው። ሽማግሌው ግን አልሄደም፤ ፊቱን ትኩር ብሎ አየ።

«አፍንጫህ የእሱ ነው። ወንድሙ ነህ?»

ሂካ ሞተሪኖውን አቧራው ላይ አስቀመጠ። እጁ ዘይት በዘይት ስለነበር መዳፉን ጨብጦ አንጓውን ዘረጋ። ሽማግሌው ዘንጉን ብብቱ ሥር ሸጎጠና በሁለት እጁ ያዘለት።

«አላህ ያጽናህ፣ ልጄ» አለ። ቆይቶ ለቀቀውና ወደ ድንኳኑ አዘገመ።

ሂካ ክንዱን አላጠፈም። እንደዘረጋ፣ ቀጣዩን ለቀስተኛ እየጠበቀ መንገዱ ዳር ቆመ።