የሚስስ ግሪምዌድ ድምፅ

እሁድ ጠዋት ሜቪስ ላቭሎክ ድምፅ ላለማሰማት በጣቷ እየረገጠች ደረጃውን ስትወርድ፣ አከራይዋ ሚስስ ግሪምዌድ ከሳሎኑ በር ብቅ አሉ። ባርኔጣቸውን ደፍተዋል። ይህ ባርኔጣ ለሠርግ ወይ ለቀብር ካልሆነ ከሣጥኑ አይወጣም።

«ማን ሞተ?» አለች ሜቪስ።

«ማንም አልሞተም። ልናገር ብዬ አይደለም እንጂ፣ ሬዲዮ ውስጥ ትሠሪያለሽ፣ አንድ ቀን እንኳ መግቢያ ካርድ ጣል አላደረግሽልኝም። የአትክልት ሻጩ ሚስት ትሻላለች፤ እሷ ሰጠችኝ። ዛሬ ከሰዓት እዚያው ቴያትር ቤታችሁ ነኝ። ከፊት ነው የምቀመጠው።»

«ደስ ይላል» አለች ሜቪስ። ምን ደስ ይላል! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜቪስ እሁድ ቴያትር ቤት ሕዝብ ፊት ተቀርጾ ማክሰኞ ማታ በሬዲዮ በሚተላለፍ የቀልድ ዝግጅት ላይ ሚስስ ስኬግ የምትባል ነዝናዛ አከራይ ሆና ትጫወታለች። ለሙከራ ሁለት ጊዜ ተጫውታ አገር ስቆላታል። ድምፁን ከየት አመጣሽው ሲሏት «እንዲያው መጣልኝ» ትላለች። ውሸቷን ነው። ከሚስስ ግሪምዌድ ጉሮሮ ነው የወሰደችው፤ ትንፋሹንም፣ ማሽሟጠጡንም፣ «ልናገር ብዬ አይደለም እንጂ» የምትለዋንም ሳታስቀር እንዳለ ገልብጣው። እስካሁን ያልተነቃባት ሚስስ ግሪምዌድ ማክሰኞ ማታ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ማኅበር ቀርተው ስለማያውቁ ነው።

ታዲያ ከዚህ ቤት ብትባረር የት ትገባለች? በጦርነቱ የለንደንን ስንቱን ቤት ቦምብ ይዞት ሄዷል። የተረፈው ደግሞ መስኮቱ ላይ «ለቴያትር ሰው አናከራይም» የሚል ወረቀት ለጥፏል። «ተዋናይትም ሰው ናት፣ ጫማዋን ጠርጋ ከገባች» ብለው ያስገቧት ሚስስ ግሪምዌድ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ድምፁን ከቀየረች እንጀራዋ ሊሄድ፣ ካልቀየረች ጣሪያዋ ሊሄድ ነው።

ቴያትር ቤቱ እስክትደርስ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ዘዴ ዘየደች። ልምምዱ ላይ ሚስስ ስኬግን በባላባት ሴት ድምፅ፣ ቃሉን ሁሉ በአፍንጫዋ እያወጣች ተጫወተቻት። በመስታወት ከተከለለ ክፍል ሆኖ የሚመራቸው አዘጋጁ ሚስተር ኢንስኪፕ የድምፅ ማጉያውን ከፈተ።

«ሜቪስ የኔ ቆንጆ፣ ሚስስ ስኬግን ማን ገደላት?»

«ትንሽ ልለውጣት ብዬ ነው።»

«አትለውጫት። አለቆቹ ባለፈው የሰሟትን ሴትዮ ነው የወደዷት፤ በቋሚነት ትግባ አትግባ የሚሉትም የዛሬውን ሰምተው ነው። አንቺ እሷን ካላመጣሽልኝ ሌላ ተዋናይት እጠራለሁ።»

ከድጡ ወደ ማጡ። የዝግጅቱ ዋና ቀልደኛ ሌኒ ተክዌል ጥግ ላይ ሲጋራውን እያጨሰ ሲያያት ቆየ። ወፍራም፣ ደግ፣ ሲበዛ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። «ምን ሆንሽ? እንደ ተቀቀለ ዓሣ ነጣሽ እኮ» አላት።

ነገረችው። ሌኒ ሳቀ፣ ሳቀና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ብታባርርሽ ምን ትሆኛለሽ፤ እናቴ ቤት ጥሩ ሶፋ አለ።»

«እናትህ ያሉት ማንችስተር አይደል እንዴ?»

«ጥሩ ነው አልኩ እንጂ ቅርብ ነው መች ወጣኝ?»

ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ገባ። ውጭ ሲዘንብ ስለዋለ አዳራሹ እርጥብ ካፖርት እርጥብ ካፖርት ይሸታል። ሚስስ ግሪምዌድ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዳኛ ይመስል ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ቀዩ መብራት በራ። ከዚህ በኋላ የሚወጣው ድምፅ ሁሉ ተቀርጾ ማክሰኞ ማታ ለአገር የሚሰማ ነው።

የዕለቱ ጨዋታ ሌኒ ለገና የገዛትን ዝይ ከነነፍሷ በአከራዩ በሚስስ ስኬግ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ደብቆ ሲያዝ የሚያሳይ ነው። ዝይ ግን የት አለ? ሲሪል የሚባል ድምፅ አስመሳይ በቆርቆሮ ገንዳ ውሃ እያንቦጫረቀ፣ ዝይዋን በገዛ ጉሮሮው ያስጮኻል። ከረባት ያሠረ ጎልማሳ ሰው፣ እጅጌውን ሰብስቦ ዝይ ሲሆን ያየ ሕዝብ ገና ከመጀመሪያው በሳቅ ፈረሰ።

ሜቪስ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመች። ማይክሮፎን ኮሽታ አይምርምና የጨዋታውን ወረቀት በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘች። የባላባቷን ድምፅ ልታወጣ ቆርጣለች፣ ሥራው ይቅርብኝ ብላለች። ግን ቀና ስትል ሚስስ ግሪምዌድን አየቻቸው። እሳቸውን እያዩ ሌላ ድምፅ ከየት ይመጣል? አፏን ስትከፍት የወጡት ራሳቸው ናቸው።

«ልናገር ብዬ አይደለም እንጂ ሚስተር ተክዌል፣ በዚህ ቤት ገላ የሚታጠበው ቅዳሜ ነው። ዝይም ቢሆን።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ገና በረድ ሊል ሲል ከሁለተኛው ረድፍ እንደ ባቡር ፉጨት ያለ ድምፅ ተነሣ።

«ቅዳሜ አይደለም! ዓርብ ነው! ቅዳሜ የልብስ ነው!»

ሚስስ ግሪምዌድ ቆመዋል። ባርኔጣቸው ተንጋዷል። ሕዝቡ አንገቱን ወደ እሳቸው አዞረ፣ ሲሪልም ከነዝይዋ ገንዳው ላይ ደርቆ ቀረ፣ ሚስተር ኢንስኪፕ ከመስታወቱ ጀርባ ራሱን ያዘ። ሜቪስ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ምድር ግን ሲፈልጓት መች ትከፈታለች? ወረቀቱን አየች። ወረቀቱ ላይ ይህ ሁሉ የለም። አንዴ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቤቱም እንደሆነ ሄዷል። ወገቧን ያዘችና ወደ ሚስስ ግሪምዌድ ዞረች፤ በራሳቸው ድምፅም እንዲህ አለቻቸው።

«ልናገር ብዬ አይደለም እንጂ የኔ እመቤት፣ በአንድ ቤት ስንት አከራይ ነው ያለው?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሰው እንባውን እየጠረገ የጎረቤቱን ጉልበት ይመታ ነበር። ሌኒ «ነይ ዝይዬ፣ እንውጣ፤ ሁለት ሆነው መጡብን» ብሎ ጨመረበት። ሲሪልም ዝይዋን አስለቀሳት።

መብራቱ እንደጠፋ ሚስተር ኢንስኪፕ እየሮጠ መጣ። «ያቺን ሴትዮ የት አገኘሻት? አንዲት ቃሏ አትቆረጥም። ሚስስ ስኬግ ደግሞ ያንቺ ናት፤ አለቆቹን እኔ እነግራቸዋለሁ፣ እስከ ፋሲካ ትጫወቻታለሽ።» ሜቪስ አመሰገነችውና ወደ አዳራሹ ዞረች። የሁለተኛው ረድፍ ወንበር ባዶ ነው።

ቤት ስትደርስ የሳሎኑ በር ተዘግቷል። ሰኞ ጠዋት ሚስስ ግሪምዌድ ቁርስ አቀረቡላት፣ ሻይዋን ቀዱላት፣ አንዲት ቃል ግን አልተነፈሱም። እንግዲህ አስቡት፣ ሚስስ ግሪምዌድ እና ዝምታ። ሌሎቹ ተከራዮች ሐኪም እንጥራ ወይስ ቄስ እየተባባሉ በዓይን ተጠቃቀሱ። ሜቪስ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። እንደዚያ ቀን ራሷን ጠልታ አታውቅም፤ ደግ ሴትዮን አገር ፊት አዋርጃለሁ እያለች ሹራቦቿን አጠፈች።

ማክሰኞ ሚስስ ግሪምዌድ ከማኅበራቸው ቀሩ። ሲመሽ ተከራዩን ሁሉ ሳሎን ጠርተው አስቀመጡና ሬዲዮውን ከፈቱ። ሙዚቃው መጣ፣ ዝይዋ ጮኸች፣ ሚስስ ስኬግ ተናገረች፣ ያ «ዓርብ ነው» የሚለው ጩኸትም መጣ። ተከራዮቹ ሳቃቸውን በትራስ አፈኑት። ሚስስ ግሪምዌድ ግን ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው አስጠግተው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው አዳመጡ። ሲያልቅ ዘጉት።

«ሻንጣዬን አሰናድቻለሁ» አለች ሜቪስ። «ሳላስፈቅድዎ ድምፅዎን ወሰድኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ያቺ ‹ዓርብ ነው› እያለች የምትንጫረረው ማን ናት?»

ሜቪስ ሌሎቹን አየች። ሌሎቹ ምንጣፉን አዩ። «እርስዎ ነዎት እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ? ወግጂልኝ። እኔማ ሌላይቱ ነኝ፤ ያቺ ድምፀ መልካሟ። ሰምቼሻለሁ፤ እኔን ነው የሆንሽው። እሁድ ዕለት ተቆጥቼ ነበር፤ ዛሬ ዝግጅቱ እንዳለቀ ሻንጣሽን በር ላይ ላስቀምጠው ነበር ሐሳቤ። አሁን ግን አዳምጬ...» አሉና ሽርጣቸውን አስተካከሉ። «ከዚህ ቤት ወጥተሽስ ማንን ልትሰሚ ነው? ሂጂ ሻንጣሽን መልሺው።»

ሜቪስ ተነሥታ አቀፈቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ተደርጎ አያውቅም፤ ሚስስ ግሪምዌድ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። በመጨረሻ አንዱን እጃቸውን ሬዲዮው ላይ አሳረፉት።

«ሆራስ፣ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና» አሉ፣ «እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር እንዳይሰማኝ ይህችን ሬዲዮ ከፍ ያደርጋት ነበር። እድሜዬን ሙሉ። ሳወራም ከፍ፣ ሳለቅስም ከፍ።» ሬዲዮውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«እስቲ አሁን ከፍ ያድርጋት» አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።