የዳምጤን መልሱለት

«እንዴ ጋሽ ዳምጤ፣ የራስዎን አያውቁትም?» አለች ትርሲት።

ሁለቱ ሳክስፎኖች ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ለሰልስቱ የመጣው ሰው ንፍሮውን እየቃመ አንገቱን ያሰግጋል።

«ዓይኔን እኮ ሞራ ጋርዶታል፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ደግሞ መንታ ናቸው። ሁለቱም ቴነር፣ ሁለቱም ከቼክ አገር በአንድ ቀን የመጡ። ያኔም የምንለያቸው በማንጠልጠያቸው ነበር።»

ማንጠልጠያዎቹ ከተበጠሱ ቆይተዋል።

አባቷ ሀብተጊዮርጊስ «የዳምጤን መልሱለት» ብሎ ነው የሞተው። ሁለቱ ጓደኛሞች አብረው ይነፉበት የነበረው የጦሩ ባንድ ሲበተን፣ ዳምጤ ለጥቂት ወር ብለው እሱ ዘንድ ያስቀመጡት ሳክስፎን እዚሁ ቡታጅራ ቀረ። ሀብተጊዮርጊስ የሰው ዕቃ አይነፋም፤ የትኛው የማን እንደሆነ ለእሱ ግልጽ ስለነበር መናገርም አላስፈለገውም። ትርሲት ግን ጨንቋታል። ድምፁን የቀዳ ካሴት እንኳ የለም። ተሳስታ የአባቷን ከዳምጤ ጋር በአዲስ አበባው ሚኒባስ አሳፍራ፣ የሰው ዕቃ ታቅፋ መቅረት አልፈለገችም።

የአጎቷ ልጅ አብርሽ የድሮውን ፎቶ ስልኩ ላይ አስፍቶ አየና «የጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ጎኑ ጎድጎድ ያለው ነው» አለ። አገላብጠው ሲያዩ ሁለቱም ጎድጉደዋል።

«እማ፣ አንቺስ?»

«ጣውንቴን ነክቼ አላውቅም» አለች እናቷ ወርቅውሃ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ። ሳክስፎኑን የምትጠራው እንዲያ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም፤ ሰውም በዚህ ያንሾካሹክባታል።

ዳምጤ ድንገት ሳቃቸው መጣ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ቡሹን እዩት! አንገቱ ጫፍ ላይ፣ መንፊያው የሚሰካበትን። እኔ እንዳይደርቅ በሻማ ነበር የማሸው። እሱ ቅቤ! ያውም የተነጠረ፣ ኮረሪማ የገባበት። ቡሹን ያበሰብሰዋል፣ ተው ስለው፣ ‹ቅቤ የጎዳው ጉራጌ አይተህ ታውቃለህ?› ይለኛል።»

ትርሲት ክው አለች።

ልጅ ሳለች የእናቷ ቅቤ ከጣባው ይጎድል ነበር። በጣት የተጫረበት ፋና ይታያል። ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ ስላልነበረ የተገረፈችው እሷ ናት። አባቷ ያን ዕለት ለቅሶዋን እየሰማ ሳክስፎኑን ይዞ ጓሮ እንሰቱ መሃል ገባና ሲነፋ ዋለ። ማታ ከረሜላ ገዛላት። ለምን እንደሆነ አልነገራትም።

የመጀመሪያውን አንገት ነቅላ አሸተተችው፤ ምንም የለውም። ሁለተኛውን አፍንጫዋ ሥር ስታደርሰው የቆየ ቅቤና ኮረሪማ ሸተታት።

«ይሄ ነው።»

«ወዲህ በይው» አለች ወርቅውሃ። ተቀብላ አሸተተች። መልሳ አሸተተች።

«አንተ ሌባ!» አለች። «ልጄን በከንቱ አስገረፍከኝ እኮ!» ከዚያ እንባዋ መጣ። ሴቶቹ ሊይዟት ቢነሱም ዳምጤ «ተዉአት፣ ታልቅስ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ዳምጤ የራሳቸውን ይዘው ሄዱ። ወርቅውሃ የባሏን ሳክስፎን አንገት እንደያዘች ቡሹን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ደርቋል። ትርሲት፣ ቅቤውን አምጪ።»

ትርሲት ጣባውን አምጥታ እናቷ ፊት አስቀመጠች። እናቷ ግን ወደ እሷ መልሳ ገፋችው።

«አንቺ ውሰጂ» አለቻት። «ማንም አይቆጣሽም።»

ትርሲት በጣቷ ጫረችና ቡሹን ዙሪያውን ትቀባው ጀመር።