የታኅሣሥ ጥላ

ጌታነሽ የተፈረደባት በሰኔ፣ በቀትር ነው። ሞላሌ አጠገብ ያለው የገብስ ማሳዋ በደቡብ በኩል ከጎረቤቷ ከዳኜ ባሕር ዛፎች ጋር ይዋሰናል። በብርዱ ወራት የዛፎቹ ጥላ ማሳው ላይ እየተኛ ውርጩን እስከ ረፋድ ያቆየዋል፤ ገብሱም ፍሬ ሳይዝ ይቃጠላል። ከዚያ ወገን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነዶ አላገኘችም።

ዳኜን ብትከሰው የአገር ሽማግሎች መጥተው አዩ። የሰኔ ፀሐይ በቀትር ከአናት አልፋ ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለችና፣ የዛፎቹ ጥላ አጥሮ በራሱ በዳኜ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። ሳቁባት። ሰውዬውን በከንቱ ከሰሽዋልና ይቅርታ ጠይቂ አሏት። እሷም፣ የታኅሣሥን ውርጭ በሰኔ መፈለግ፣ እንዴት ያለ ሽምግልና ነው? አልጠይቅም አለች። ሽማግሌ የፈረደው አይታጠፍም ቢሏትም ፍንክች አላለችም። ክረምቱን ሁሉ ሰንበቴው ላይ ከጥላ ጋር የምትካሰሰዋ ሴት እያሉ አሾፉባት። አንገበገባት፤ ግን ቻለችው።

ታኅሣሥ ገባ። የሽማግሎቹ አለቃ ቄስ ዓምደ ሚካኤል፣ ሞባይል በኪሳቸው እያለ፣ የጾሙን ቅዳሴ መግቢያ ሰዓት እንደ አባቶቻቸው ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ነው የሚያውቁት። ጌታነሽ ቀትር ላይ ደጀ ሰላም ደርሳ እየሰፈሩ አገኘቻቸው።

«በሰኔ ቀትር ስንት ጫማ ነበር፣ አባ?»

«ሁለት አይሞላም።»

«ዛሬስ?»

«ከአራት አልፏል።»

«ለጾሙ የታኅሣሥን ጥላ በታኅሣሥ ይሰፍራሉ። ለእኔ ገብስ ሲሆን ስለምን የሰኔው በቃ?»

ቄሱ አፈሩ።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሽማግሎቹን ይዘው ማሳው ዘንድ ተገኙ። ፀሐይ ያገኘው መሬት ረጥቦ ጠቁሯል፤ ከጥላው ሥር ግን ውርጩ እንደ ነጣ ነው። ቄሱ ከድንበሩ ተነሥተው ጥላውን በጫማ ሰፈሩት፤ አርባ ላይ ደርሰው መቁጠሩን ተዉት። ስተናል አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ዛፎቹ እንዲቆረጡ ተፈረደ። ዳኜም እያጉረመረመ እሺ አለ። ሽማግሎቹ ሊመርቁ እጃቸውን ሲዘረጉ ጌታነሽ አስቆመቻቸው።

«ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ይህን ክርክር ለልጄ አላወርስም። ጉቶውም ይነቀል።»

አንዱ ሽማግሌ፣ እሱስ በዛ አላት። እሷ ግን ጋቢዋን ሰብስባ ውርጩ ላይ ቁጭ አለች። ዳኜ ዶማውን ይዞ እስኪመጣ ድረስ አልተነሣችም።