ከነናዊቷ ሴትና እናቴ

እናቴ ፋንቱ ፊደል አልቆጠረችም። የመጽሐፍ ቅዱስን እናቶች ግን እንደ ጎረቤቶቿ ታውቃቸዋለች። ስለ ሐና ስታወራ ከወንዝ ማዶ ያለች ዘመዷን ያነሣች ይመስላል፤ «ምስኪን፣ አንጀቷ አርሮ ስትጸልይ ሰክራለች አሏት እኮ» ትላለች።

ይህን ሁሉ የሰማችው ከመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነው። መሪጌታ በአገራችን ባለው በቤተ ልሔም ደብር ተማሪ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ወር በገባ በአሥራ ስድስት የሰፈራችን ሴቶች የኪዳነ ምሕረትን ጽዋ ሲጠጡ ይመጣሉ፤ ዳቦውን ባርከው አንድ ታሪክ ይነግሯቸዋል። ሌሎቹ ሰምተው መስቀል ይሳለማሉ። እናቴ ግን ትጠይቃለች።

እኔ ስወለድ ሁለቱም እግሮቼ ወደ ውስጥ የዞሩ ነበሩ። የምቆመው በውስጥ እግሬ ሳይሆን በጎኑ ነው፤ ሲደክመኝ እድሃለሁ። «እግዜር እንዲህ አድርጎ ሰጣት» ይባል ነበር። አባቴ ባዩ ይወደኛል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ጋቢውን እግሬ ላይ ጣል ያደርጋል። ብርድ እንዳይመታኝ ይመስለኝ ነበር።

ስድስት ዓመት የሞላኝ ሰሞን፣ በጥቅምት፣ የጽዋው ተራ የእኛ ቤት ደረሰ። መሪጌታም ልጇ ታማባት ጌታን ስለለመነችው ከነናዊት ሴት ተናገሩ። ሲጨርሱ እናቴ፣

«መሪጌታ፣ መጀመሪያ ስትለምነው ዝም አላት አሉ?» አለች።

«ዝም አላት።»

«ደቀ መዛሙርቱም አሰናብታት አሉት?»

«አዎ፣ እየጮኸች ተከተለችን ብለው።»

«እሷ ግን አልሄደችም።»

«አልሄደችም ፋንቱ። ወድቃ ለመነችው። ኋላ እምነትሽ ታላቅ ነው አላት፤ ልጇም ዳነችላት።»

እናቴ ዘወር ብላ እግሬን አየች። ከዚያ «እኔ የለመንሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለች። እኔ እንደ ተወለድሁ መንገድ ላይ ያገኘችውን አንድ ሐኪም ነው የተባለ ሰው ጠይቃው ኖሯል። መድኃኒት የለውም ስላላት፣ ያንኑ ይዛ ስድስት ዓመት ተቀመጠች።

በማግሥቱ ሰኞ ማለዳ አዘለችኝና ወጣን። በእግርም በመኪናም ሄደን አንድ ሕክምና ቤት ደረስን። ሐኪሙ እግሬን አየና፣ «ጊዜው አልፎበታል። ሕፃን ሳለች ነበር መምጣት የነበረባት። እዚህ የሚደረግላት ነገር የለም» አላት።

«እሺ ጌታዬ» ብላ ወጣች። ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሐኪሙ ምሳውን በልቶ ሲመለስ እዚያው አገኘን።

«እናቴ፣ አልሄዱም እንዴ?»

«እዚህ አይሆንም ያሉኝን ሰምቻለሁ ጌታዬ፤ አላስቸግርዎትም። የሚሆንበትን ቦታ ያውቁ እንደሆነ ይንገሩኝ ብዬ ነው።»

ሐኪሙ ትንሽ ቆም ብሎ አያት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ከግቢው ዛፍ ሥር ሄደና ለአንድ ሰው ደወለ፤ ቀጥሎ ለሌላ። ሲመለስ የሚኬድበትን ቦታ የጻፈበት ወረቀት ይዟል።

«ባሕር ዳር የልጆችን ቆልማማ እግር የሚያቃኑ አሉ። በዚህ ዕድሜም ይሞከራል ብለውኛል። ግን እግሯ ላይ የሚታሰረው ጀሶ በየሳምንቱ ነው የሚቀየረው፤ ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል። አጨዳ ደርሶባችኋል፤ ይችላሉ?»

«እችላለሁ» አለች።

ቤት ተመልሰን ስትነግረው ግን አባቴ አልተዋጠለትም። «ገብሱ ሊረግፍ ነው። መኸሩን ሰብስበን ብትሄጂ ምን አለበት?»

«ከመኸሩ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል ባዩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ሲመጣ ነው የኖርነው።»

ተቆጥቶ ወጣ፤ ሊሸኘንም አልመጣም። እሷ አንዲት በግ ሸጣ ስንቅ ቋጠረችና በማግሥቱ ሄድን።

ባሕር ዳር የሻረግ የምትባል የሩቅ ዘመዳችን ዘንድ አረፍን። ቤቷ አንድ ክፍል ነው። እናቴ እንግዳ ሆና መቀመጡ ስለከበዳት እህል ስትለቅም፣ ጥጥ ስትፈትልላት ትውላለች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። በየሳምንቱ ጀሶውን ታወልቃለች፣ እግሬን በቀስታ ትንሽ ወደ ውጭ ታዞራለች፣ እንደገና በጀሶ ትጠቀልላለች። እናቴ ከከተማው ዳር እስከ ሕክምናው አዝላኝ ትሄዳለች። ጀሶው ይከብዳል፤ ላቧ በጀርባዋ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ሐኪሟ ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት በትንሹ መቆረጥ እንዳለበት ነገረቻት። የእናቴ ፊት ተለዋወጠ።

«ፈራሽ እማ?» አልኋት።

«ፈርቻለሁ» አለች። «ያቺም ሴትዮ ሳትፈራ አልቀረችም። ብትፈራ ነው ከእግሩ ሥር የወደቀች።»

ከዚያ ተነሥታ ለሐኪሟ «ይሁን» አለቻት።

ጀሶው ለመጨረሻ ጊዜ በሚፈታበት ቀን አባቴ መጣ። ማንም አልጠራውም። በትከሻው የቆሎ ከረጢት አንግቷል፤ ፊቱ በፀሐይ ከስሏል። «ዝናብ ጥቂት አበላሽቶብናል። የቀረውን ወንድሞቼ አግዘውኝ ወቃን» አለና ጥግ ይዞ ቆመ። ሐኪሟ ጀሶውን ቆርጣ አነሣችው። እግሮቼ ቀጭጨዋል፣ ቆዳቸው ተላልጧል፤ ግን ወደ ፊት ያያሉ። አባቴ በርከክ ብሎ ሁለቱንም በመዳፉ ያዛቸው። ቀና ሲል እናቴን «ይቅር በይኝ» አላት። እሷም «ቆሎውን አምጣው፣ ልጅቱ ቁርስ አልበላችም» አለችው።

ያገሬ ሰው የሚያወራው ይህንን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እግሬ ተመልሶ እንዳይቆለመም ስተኛ በብረት የተያያዘ ጫማ ማድረግ ነበረብኝ። ያሳክከኛል፣ መገላበጥ ይከለክለኛል፤ አለቅሳለሁ፣ እሳደባለሁም። እናቴ ዓመታት ሙሉ አንዲት ቀን ሳታሳልፍ አሰረችልኝ። አዝመራ ውላ ቆማ የምታንቀላፋበት ጊዜ ነበር፤ ያኔም አስራልኝ ነው የምትተኛ። ማንም አላየላትም።

መሪጌታ መዳኔን ሰምተው ቤት ድረስ መጡ። አንዴ ከጓዳ እስከ ደጅ አስኬዱኝ። ኋላ «ፋንቱ፣ ያንን ታሪክ ሠላሳ ዓመት ተናግሬዋለሁ። ሰምቶ በማግሥቱ ልጁን አዝሎ የተነሣ ሰው ግን አላየሁም ነበር» አሏት። እናቴ አፍራ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ዛሬ ንፋስ መውጫ ከተማ አስተምራለሁ። የእናቴን ስልክ በስማዳም በእስቴም ወረዳ የያዘው ሰው ብዙ ነው። እግሩ የተቆለመመ ልጅ የተወለደበት ቤት ይደውልላታል፤ እሷም መንገዱ የጠፋውን ራሷ ይዛ ትሄዳለች። በግንቦት ከእስቴ አንዲት ወጣት እናት የሦስት ወር ልጇን አቅፋ ቤታችን መጣች። ባሏ ተስፋ የለውም ብሎ እንደ ከለከላት ስታለቅስ ነገረችን። እናቴ ጠላ እንኳ ሳትቀምስ ነጠላዋን አጣፋች።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ሲነሣ ሕፃኑን እናቴ ታቅፋዋለች፤ ሴትየዋ ደክሟት መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል።