የጉድጓዶቹ ወለል

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም፤ የእህቴን ባል ደግሞ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ዓይን ዓይኑን ነው የማየው። ይባስ ብሎ አንድ ቢሮ ተመደብን። እኔ የጠፈር መንኮራኩሯ ከሩቅ የምትልካቸውን ፎቶዎች አጸዳለሁ፤ እሱ ከአንዲት የሌላ ፕላኔት ጨረቃ የሚንጸባረቀውን ብርሃን ለክቶ ከምን እንደተሠራች ይናገራል።

ጨረቃ ስላችሁ ክብ እንዳትመስላችሁ። ይቺኛዋ ጥርስ ያረፈባት ድንች ናት። በረዶ ነች፤ ገላዋ እንደ ስፖንጅ ተበሳስቷል፣ ውስጧም ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው።

ሰኞ ዕለት፣ "የጉድጓዶቹ ወለል ላይ ጥቁር ነገር ተኝቷል፤ ካርቦን ያለበት ይመስለኛል" አለ። እኔ ያጸዳኋቸው ፎቶዎች ላይ ግን ወለሉ ነጭ በረዶ ብቻ ነው። የሥራ ውሉ የሚታደሰው ደግሞ በዚያው ሳምንት ነበር። ታዲያ ግኝቱ እንዴት በሰዓቱ ከተፍ አለለት? ነገሩ አልጥም አለኝ።

"እርግጠኛ ነህ?" አልኩት።

"እትዬ፣ ልኬቱ የሚለው እሱን ነው" ብሎ ፈገግ አለ።

ፈገግታው ጭራሽ አበገነኝ። ቁጥር ፈጥሯል ብዬ ለአለቃችን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ሐሙስ ጠዋት አለቃችን እሱን ወደ ቢሯቸው ጠሩት፤ እኔን ማስረጃ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ደስ እያለኝ ከፎቶዎቹ ያልጸዱ የመጀመሪያ ቅጂዎች ሁለቱን ከፈትኩ። በየጉድጓዱ ወለል ላይ ክብ ክብ ጥቁር ነጥብ አለ። አስታወስኳቸው። የካሜራው መስታወት ላይ ያረፈ ጉድፍ ነው ብዬ አንድ በአንድ ያጠፋኋቸው እኔው ነኝ።

የመስታወት ጉድፍ ግን በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ሥራ የጀመርኩ ቀን የተማርኩት ነገር ነው። ፎቶዎቹን ደራርቤ አየሁ። ጨረቃዋ ተገላብጣለች፤ ነጥቦቹም አብረዋት ተገላብጠዋል። አገር ምድሩን ስጠረጥር የራሴን እጅ ሳልጠረጥር ኖሬያለሁ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። እሱ ከአለቃችን ቢሮ እየወጣ ነው፤ የመግቢያ ካርዱ አንገቱ ላይ የለም።

"ስህተቱ የኔ ነው፤ አሁኑኑ ገብቼ እነግራቸዋለሁ" አልኩት።

"ንገሪያቸው" አለ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። "ካርዱን ይመልሱልኝ ይሆናል። እህትሽ ግን ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው አታውቅም። እሱን አንቺው ንገሪያት።"

እትዬ አላለኝም።