የማን ሆድ ነው የሚጮኸው?

ተመራማሪው በቤተሰቡ ዘንድ «ዶክተር ፋንድያ» በመባል ይታወቃል። ስሙን ያወጣችለት የእንስሳት ሐኪም የሆነችው ታላቅ እህቱ ናት፤ እሱም ለምዶት፣ ሲጠሩት አቤት ይላል። ሥራው በፈረስ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ከፈረሱ አእምሮ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ማጥናት ነው። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ያሉ ሰዎች ቀድመው የደረሱበትን ነገር በማይክሮስኮፕ ለማረጋገጥ ወጣትነቱን እንደፈጀ ራሱም አይክድም። የሚክደው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፈረስ ይፈራል። ፋንድያው በብልቃጥ ታሽጎ ይመጣለታል እንጂ ከሥራ ክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት ወዳለው ጋጣ ዝር ብሎ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈረስ ጠባቂው ጥርሱን ሊያስነቅል እንደሄደ፣ «እመቤት» የምትባለው ባዝራ መኖዋን ትታ፣ ዞራ ሆዷን እያየች መሬቱን በኮቴዋ ትጭር ጀመር። ተመራማሪው በመስኮት አይቶ የሆድ ቁርጠት መሆኑን ወዲያው አወቀ፤ ስለዚሁ ጉዳይ ጽሑፍ አሳትሟል። ማሳተሙ ግን ድፍረት አልሆነውም። ጋጣው በር ላይ ቆሞ ለእህቱ ደወለ።

እህቱ እየመጣች ነበር። እስክትደርስ መኖውን እንዲያነሣ፣ ከዚያም ጆሮውን ሽንጧ ላይ ለጥፎ እንዲያዳምጥ ነገረችው። አንጀቷ ድምፅ ካለው ፋታ አለን፣ ጭር ካለ ግን አደጋ ነው አለችው። እሱም ከሩቅ ሆኖ ማዳመጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

ባዝራዋ ስታቃስት አንጀቱን በላችው። ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ደረት ኪሱ ከተተና ገብቶ መኖውን አነሣ፤ ጸሎት ቢጠፋው የሚያውቃቸውን ተሕዋስያን ስም እያነበነበ ጆሮውን ለጠፈ።

«ይሰማል፤ ኧረ በደንብ ያጉረመርማል» አላት እህቱን በስልኩ።

«ከየት በኩል?»

ቀና ብሎ አዳመጠ። ጉርምርምታው ተከትሎት ቀና አለ።

«እትዬ፣ የእኔ ሆድ ነው መሰለኝ።»

«በል የራስህን በእጅህ ያዝና እንደገና ስማ» አለችው።

አንድ እጁን ሆዱ ላይ ጭኖ፣ ሌላውን የባዝራዋ ጀርባ ላይ ጣል አድርጎ ተደገፋት። ሙቀቷ ጉንጩን አለሰለሰው። ትንፋሿን ሲከተል የእሱም ሆድ ቀስ በቀስ አደብ ገዛ። ያኔ ከጥልቅ ቦታ፣ ውኃ ጉድጓድ ውስጥ ጠብ እንደሚል ያለ ድምፅ መጣ። የእሷ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ስንት ዓመት ስለ አንጀት ሲያወራ፣ አንጀት ሲናገር የሰማው ገና ያን ቀን ነው።

እህቱ ደርሳ ማስታገሻ ወጋቻት፤ በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብታም ዘይት የተቀላቀለበት ውኃ ሰጠቻት። ማሰሪያውን የያዘው እሱ ነው፤ ሌላ ሰው አልነበረማ። ከዚያ ግቢውን ቀስ እያሉ ዞሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እመቤት ጭራዋን አነሣችና ፋንድያ ጣለች፤ አንጀቷ ሠራ። ተመራማሪው ልጅ እንደተወለደለት ሰው ፋንድያው ላይ ጎንበስ ብሎ ፎቶ ሲያነሣ፣ እህቱ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች።

በሳምንቱ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ታሪኩን ራሱ አወራ፤ እህቱ ብታወራው አብዝታ እንደምታሳፍረው ያውቃል። እናታቸው እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ለባዝራዋስ መድኃኒት ሰጣችኋት፤ ሆዱ ለጮኸው ልጄስ ምን ሰጣችሁት?» አሉ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ጋጣ ይገባና የእመቤትን አንገት ያሻሻል። በኋላዋ በኩል ማለፍ ግን ዛሬም አልደፈረም፤ በፊቷ ዞሮ ይሄዳል።