ጨው ያልቀመሰው ሰንጋ

ሰይፉ ስለ ከብት ማድለብ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀቱን ሳሎኑ ውስጥ ከሰቀለ ወዲህ፣ ወልቂጤ ዳር ባለው ሰፈሩ ስለ ከብት ሌላ ሰው አፉን ሲከፍት አይወድም። ለመስቀል የሚታረደውን ሰንጋ ክረምቱን ሙሉ ድርቆሽ ሲቀልበው ከረመ። ከድርቆሹ ጋር ስለሚሰጠው ጨውና ማዕድን የተነገረው በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰይፉ እንቅልፍ ላይ ነበር።

ጎረቤቱ ሀጀራ ከብት ስታረባ ያረጀች ባልቴት ናት። የሰፈሩ ቦኖ ስለሚርቃት ሃያ ዓመት ሙሉ ከእሱ ግቢ ነው ውኃ የምትቀዳው። አንድ ጠዋት ጀሪካኗን አስቀምጣ በሬውን አየችው።

«ሰይፉ፣ ይኼ በሬ ግድግዳ እየላሰ ነው። ድርቆሽ ብቻውን አይበቃውም። ቦሌ ላምጣልህና ይላስ» አለችው። ቦሌ ከብት የሚወደው ጨዋማ አፈር ነው።

«እትዬ ሀጀራ፣ በዚህ ዘመን ከብት አፈር አናበላም» ብሎ ሳቀባት።

በሳምንቱ የሚስቱ የወለተ ሐና ነጠላ ከተሰጣበት ገመድ ላይ ጠፋ። ጥበቡ ሰፊ፣ ለበዓል የተገዛ ነበር። በዚያን ቀን ግቢውን የረገጠች ሀጀራ ብቻ ናት። ሰይፉ ምኑንም ሳያጣራ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ገበያ የሚወጡት የሰፈሩ ሴቶች እየሰሙ በሩ ላይ ጮኸባት። «አምኜ ባስገባሁሽ ልብስ ትሰርቂያለሽ? ከእንግዲህ እዚህ ደጅ እንዳላይሽ!»

«ወላሂ አላየሁም» አለች ሀጀራ። ባዶ ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያም ከቦኖው መቅዳት ጀመረች።

መስቀል ደረሰ። ሰይፉ ከአዲስ አበባ ከመጣው ወንድሙ ከይድነቃቸው ጋር ሆኖ በሬውን አረደ። ይድነቃቸው ጨጓራውን ሲሰነጥቀው ከድርቆሹ መሃል የተጠቀለለ ጨርቅ ወጣ። ውኃ ሲያፈሱበት ጥበቡ ታየ። ጨው የተጠማ ከብት ያገኘውን እንደሚያኝክ ሰይፉ አሁን ገና ገባው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ማን አየ?» አለ ይድነቃቸው። «በዓመት በዓል ስምህን ልታጠፋ ነው?» ጨርቁ ላይ ናፍጣ አርከፍክፎ ለኮሰው።

ሰይፉ እጁን ዘርግቶ ማስጣል ይችል ነበር። አላስጣለም። አፈረ፤ እፍረቱም ክፉ ሰው የሚሠራውን ሥራ አሠራው።

ክትፎው ሲቀርብ ግን አንድ ጉርሻ እንኳ አልወርድ አለው። ተነሥቶ ሀጀራ ደጅ ሄደና ሁሉንም ነገራት።

«እኔማ አለመውሰዴን አውቃለሁ» አለችው። «ለሰሙት ንገራቸው። ና፣ አብረን እንሂድ።»

ሴቶቹ ከመካከላቸው በአንዷ፣ በትርሲት ቤት ለበዓሉ ተሰብስበው ነበር። ሀጀራ በሩ ላይ ቀረች፤ ሰይፉ ገባ።

«እትዬ ሀጀራ አልሰረቀችም። ነጠላውን የበላው በሬው ነው» አለ።

«በሬ ነጠላ በላ?» አለች ትርሲት። «የታል ታዲያ?»

«ተቃጠለ።»

ሴቶቹ ተያዩ። በዚያ አገር የተጣላ ሳይታረቅ መስቀልን አይውልም፤ የሰይፉም ነገር በዚሁ ተተረጎመ። ትርሲት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አይ ሰይፉ! ስሟን ልትሸፍንላት ብለህ ይኼን ሁሉ? አንተስ የተባረክ ነህ!»

«በማርያም፣ እውነቴን ነው! በዓይኔ አይቼዋለሁ!» ቢል ማን ይስማው። በማለ ቁጥር ደግነቱ እየገነነ ሄደ። አንዷ እንዲያውም መረቀችው። ያ ምርቃት ከስድብ በላይ አቃጠለው።

ትርሲት ወደ በሩ ሄዳ ሀጀራን አቀፈቻት።

«እትዬ፣ እንኳን ይቅር አለሽ» አለቻት።

ሀጀራ በትርሲት ትከሻ ላይ ሆና ሰይፉን አየችው። እሱ ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።